የእቁባችንን እጣ ለፖከር ማሽን ላስረከቡት ዳኛ

ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ
ጥቅምት 2007 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ዓለምሰገድ ግዛው
የእቁባችን ዳኛ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ? በካሲኖ ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ ሳይነሡ መዋል ቀላል እንዳልሆነ ስለምረዳ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ፈጣሪ ለወገብዎ ምሕረቱን እንዲያወርድ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው እንደመሆኔ ተማሪ ሲሳሳት መታገሥ ለምጃለሁ። ይህን ደብዳቤ በምግብ ቤቶቻችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈውም ትዕግሥቴ አልቆ ሳይሆን፣ ስልክዎ አልነሣ ስላለኝ ብቻ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። የእቁባችን አባላት አሥራ ሁለት ነን፤ በየወሩ ሦስት ሦስት መቶ ዶላር እናዋጣለን፤ እጣ የወጣለት ሰው ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር ይወስዳል። ያለፈው ወር እጣ የወጣው ሳንታ ሞኒካ ባለ ሆቴል ክፍል ለምታጸዳው ለወይዘሮ እታገኘሁ ነበር። ዌስት አዳምስ የተከራየችው ቤት ተሽጦ ልቀቂ ስለተባለች፣ ገንዘቡን ለአዲስ ቤት ማስያዣና ለመጀመሪያ ወር ኪራይ አስባው ነበር። እርስዎ ግን ከመቀመጫዎ ተነሥተው፣ ይህ ገንዘብ በቪዲዮ ፖከር ማሽን ተጫውተውበት አርባ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ቢደርስ፣ አሥራ ሁለታችንም ዓመት ሳንጠብቅ በአንድ ቀን እጣ እንደሚደርሰን አስረዱን። ቤቱ አጨበጨበ። እታገኘሁም አጨበጨበች። ቼኩን በስምዎ አጽፈው ሄዱ፤ ማታ ባዶ እጅዎን ተመለሱ እንዳልል፣ የካሲኖው ስም የተጠለፈበት ጃኬት ለብሰው ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ «ሶ፣ ገንዘቡ አሥራ ሁለት እጥፍ መሆን አለበት፤ ዕድላችን ከአሥራ ሁለት አንድ ነው። እኛስ ስንት ነን? አሥራ ሁለት፣ ኦኬ?» ብለው ነበር። ለዚህ ስሌት ከልብ አመሰግንዎታለሁ፤ ግማሹ ትክክል ነውና። ማሽኑ ለራሱ ምንም የማያስቀር ቢሆን ኖሮ፣ ገንዘቡ ሳያልቅ አሥራ ሁለት እጥፍ የመድረስ ዕድሉ በእርግጥ ከአሥራ ሁለት አንድ ነበር። ይህም ማለት እንደ እርስዎ አሥራ ሁለት ሰዎች ቢሄዱ፣ በአማካይ አንዱ የሁሉንም ይዞ ሲመለስ አሥራ አንዱ ባዶ ኪስ ይመለሳሉ ማለት ነው። ስለ አንዱ በሰፊው ነግረውናል፤ አሥራ አንዱን ለመጥቀስ ጊዜ ያጠረዎት ይመስለኛል።

፪ኛ፦ ማሽኑ ደግሞ ለራሱ ያስቀራል። ሰውን በጭፍን መውቀስ ስለማልወድ፣ ካሲኖው ድረስ በአውቶቡስ ሄጄ የተጫወቱበትን ዓይነት ማሽን አየሁ። የሚከፍለው መጠን በግንባሩ ላይ ተጽፏል፤ ፉል ሀውስ ለሚባለው የካርታ ጥምረት ስድስት፣ ፍላሽ ለሚባለው አምስት እጥፍ። በዚህ ክፍያ፣ አንድም ጊዜ ሳይሳሳት የሚጫወት ሰው እንኳ ካስገባው መቶ ዶላር በአማካይ የሚመለስለት ዘጠና አምስት ገደማ ነው። አምስት ዶላር ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ተጫዋች ያንኑ ገንዘብ መልሶ መላልሶ ያስገባዋል፤ ገንዘቡም በማሽኑ ሆድ ባለፈ ቁጥር አምስት አምስቷ እዚያው ትቀራለች። አርባ ሦስት ሺህ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ማለፍ ግድ ነው። ስሌቱን ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ዕድሉ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። «አይሞላም» ያልኩትም ለእርስዎ ክብር ስል አለዝቤ ነው።

፫ኛ፦ በዚያ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ነበር። «ጋሼ፣ ክፍል ውስጥ እኮ አይደለንም» አሉኝና ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ቀልዱ ጥሩ ነበር። አስጨርሰውኝ ቢሆን ኖሮ ይህን እል ነበር፦ በእቁብ የወጣ ስም ተመልሶ ወደ ሣጥኑ አይገባም፤ ስለዚህ ያልደረሰው ሰው በየወሩ ወደ ተራው ይቀርባል፤ መጨረሻ የቀረው እርግጠኛ ነው። ሁላችንም በዚህ ልማድ ስላደግን፣ የታገሠ ሰው አንድ ቀን ይደርሰዋል ብለን እናምናለን። ማሽኑ ግን በየጨዋታው ሃምሳ ሁለቱንም ካርታ እንደ አዲስ ይበውዛል። ወረፋ አያውቅም፣ ይሉኝታ የለውም፣ ቅድም የበላው የማንን እንደሆነ አያስታውስም። እርስዎ ግን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ እታገኘሁን «አይዞሽ፣ አንዱ ወጣ ማለት ነው፤ አሁን ከአሥራ አንድ አንድ ሆኗል» ብለው አጽናንተዋታል። ብዙ ስሕተት አርሜያለሁ፤ ይህን ዓይነቱን ግን ከእቁብ ዳኛ በቀር ማንም ሊሠራው አይችልም። ለማንኛውም፣ እንደ ጀመሩት የአሥራ ሁለታችንንም እጣ በየተራ ቢወስዱ፣ ከመቶው ሰማንያ ዘጠኝ ያህል ጊዜ ለአንዳችንም አይደርሰንም። ይህም ዕድሉን ሙሉ ከመቶ አንድ ብዬ ቸሬዎት ነው።

፬ኛ፦ በደንባችን መሠረት እጣ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል። እታገኘሁ መዋጮ አሳልፋ የማታውቅ ሆና ሳለ ዋስ አምጪ ተብላ ወይዘሮ ካሳነሽን አቅርባለች። ለማሽኑ ዋስ የሆነው ማን ነበር?

፭ኛ፦ «ቁማር አይደለም፣ ኢንቨስትመንት ነው» ብለው፣ ከመሄድዎ በፊት በገንዘቡ ላይ ጸሎት እንዲደረግ ጠይቀዋል። ስሌት ሲያጥር ጸሎት መደረቡን አልቃወምም። ካሲኖው በነፃ ስላበላዎት ምሳም ደስ ብሎኛል፤ ቢያንስ ከእኛ አንዱ ጠግቧል።

፮ኛውን በቀልድ ልጽፈው አልቻልኩም። እታገኘሁና ልጇ አቢጋኤል ዛሬ ሆሊውድ፣ ካሳነሽ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነው የሚተኙት። ዕቃቸው የሰው ጋራዥ ውስጥ ተከምሯል። በእቁባችን መዝገብ ግን እታገኘሁ «ወስዳለች» ተብላ ተጽፋለች፤ ስለዚህ ላልበላችው ገንዘብ ዓመቱ እስኪያልቅ በየወሩ ሦስት መቶ ዶላር ትከፍላለች። እስካሁን እርስዎን ክፉ ስትናገር አልሰማኋትም። ባለፈው ሳምንት መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና፣ ቦርሳዋን በጉልበቷ ላይ እንደያዘች፣ «ጋሼ ክፍሉ፣ ታዲያ ተራዬ መቼ ነው የሚመለሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን የምትጠይቀው አምናዎት ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ልመና አንድ ነው፤ ገንዘቧን ከኪስዎ ይተኩላት። የአንድ ሰው ገንዘብ በእጁ የጠፋበት ሰው ይተካል፤ ይህን ለማወቅ የሒሳብ መምህር አያስፈልግም።

ስለ ሰጡን ተስፋ፣ ስለ ጨመሩልን ትምህርት፣ እጄን ስላስወረዱኝም ጨዋነት እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ ይጽና፣ ጃኬትዎም ለብርድ ይሁንልዎ ስል፣ ከተሳለቁበት የኋላ መቀመጫ እጅ የምነሣዎት፣

ጡረተኛው መምህርና የእቁብዎ አባል፣
ክፍሉ ዳኜ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ስል የዚህ ወር እጣ ወጣ፤ የወጣውም በስምዎ ነው። እንኳን ደስ ያለዎት። ጸሐፊያችን ወይዘሪት ልዩ ወዲያው ደወለችልዎ፤ ለእጣ ጉዳይ ሲሆን ስልክዎ በመጀመሪያው ጥሪ ተነሣ። «የእርስዎንስ በየትኛው ማሽን ይጫወቱበታል?» ብላ ስትጠይቅዎ፣ ስልኩ ለሁላችንም ይሰማ ነበርና፣ «ኖ ኖ፣ የእኔን ቼክ ጻፉልኝ፤ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል» ሲሉ ሰማን። ይህ እንከን የሌለው ስሌት ነው፤ መቶ ከመቶ ሰጥቼዎታለሁ። ቼኩን እንዳዘዙት ጽፈናል። በተቀባይ ስም ቦታ ግን፣ የቀረነው አሥራ አንዳችን ተስማምተን፣ የወይዘሮ እታገኘሁን ስም አስገብተናል። የጸሐፊዋና የገንዘብ ያዡ ፊርማ አርፎበታል፤ የቀረው የዳኛው ነው። የአዲሱ አፓርትመንት ኃላፊ እስከ ዓርብ ይጠብቃታል። የቼኩን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ሥር ለጥፈነዋል፤ የጎደለው ፊርማ የማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ደንበኛ ሁሉ፣ አስተናጋጆቹ ስምዎንና ስልክዎን በትሕትና ይነግሩታል።