የጎደለው እግር ካልሲ

ጥቅምት 9
ልብስ አጥቤ እያሰጣሁ ነበር። ፀሐዩ ደህና ነው። እንደ ልማዴ ካልሲዎቼን ቆጠርኩ... ዛሬም አንድ እግር ጎድሏል። ሦስት ዓመት እንዲሁ ነው። ሌባዋን አውቃታለሁ፤ የልብስ ማስጫ ገመድ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት። ባለገመዷ እላታለሁ። በዚሁ ነገር ከተኮራረፍን ሁለት ዓመት አልፎናል።

እሷው በሩን ገፍታ ገባች። ከኋላዋ ታላቅ ወንድሜ አለ። ካልሲዬን ልትመልስ ሽማግሌ ይዛ የመጣች መሰለኝ። “አሥራ ዘጠኝ እግር ነው፤ አንድ እንዳይጎድል” አልኳት። አቅፋ ያዘችኝ።

ለካ ልጄ ነው። ወደ ሥራ ሲሄድ አውቶቡሱ ተገልብጦ...
ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ጥቅምት 20
ለቀስተኛው ሳሳ። ባለገመዷ ግን ወደ ቤቷ አልገባችም። ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ እንግዳ ትሸኛለች። ከእኔ ጋር አንነጋገርም፤ ኩርፊያው አልተነሳማ። ዛሬ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ወንድሜን “ጨው የት እንደምታስቀምጥ ጠይቅልኝ” አለችው። ጠየቀኝ። ነገርኩት። ነገራት።

ኅዳር 14
የልጄን ዕቃ ልረከብ ይሠራበት የነበረው ቤተ ሙከራ ሄድኩ። አብራው ትሠራ የነበረች አንዲት ረጅም ልጅ ተቀበለችኝ። ሥራውን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ጨርቅን መዳብ ማልበስ ነው። መዳቡ እንዲሁ ቢቀባ ጨርቁ ሲሳብ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ስለዚህ አስቀድመው ክሩ ላይ ፖሊመር ያበቅሉበታል፤ ዓይን የማያየው የፕላስቲክ ፀጉር በለው። መዳቡ እሱን ጨብጦ ይቀራል። ከዚያ ጨርቁ ቢሳብም ቢታጠፍም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የበሽተኛ ልብ ምት የሚለካ ልብስ ሊሠሩበት ነው።

መሳቢያውን ከፈተችልኝ። ካልሲዎቼ። መዳብ ለብሰው፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ በሰልፍ።

“አንተ ሌባ” አልኩ ድምፄን አውጥቼ። ሳቅሁ... ከዚያ አለቀስኩ። ልጅቷ የቱን እንደምታባብል ጠፋት።

ስንወጣ እውነቱን ነገረችኝ። ከእሱ ወዲህ የሠሩት ሁሉ ይላጣል። ምርጥ የተባለ አዲስ ጨርቅ አስመጥተው እንኳ እንቢ አለ። ታኅሣሥ 20 ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ያን ቀን መዳቡ ካልያዘ ሥራው ይዘጋል። የልጄ ድካም መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ነው?

ኅዳር 15
ባለገመዷን በምን አፌ ላናግራት?

ኅዳር 16
ነገርኳት። “እህቴ፣ ካልሲዬን ሲወስድ የኖረው የራሴ ልጅ ነው። ይቅር በይኝ።”
እሷም፦ “ስርቆቱስ ይሁን። ግን ያንቺን ተረከዙ ያለቀ ካልሲ ነው የምሰርቀው? እሱ ነው ያንገበገበኝ።”
ጨው የት እንዳለ ራሴ አሳየኋት።

ኅዳር 22
እንቅልፍ የነሳኝ ነገር... ለምን የእኔን ካልሲ? አዲስ መግዛት አቅቶት ነው?

ዛሬ አንሶላ ሳጥፍ በራልኝ። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ልብስ አጥቤያለሁ። አዲስ አንሶላ ውሃ እንኳ አይጠጣም፤ ፋብሪካው ማለስለሻ ቀብቶታል። ሦስቴ በሶዳ ካልተቀቀለ ምንም አይቀበልም። ይህን ለአዳዲስ አጣቢዎች ስለፈልፍ ልጄ ጥግ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር። የሚሰማኝ አይመስልም ነበር... ሰምቶኝ ኖሯል። የእኔ ካልሲ ደግሞ ስንት ዓመት የተቀቀለ ነው!

ለረጅሟ ልጅ ደውዬ ጨርቁን ቀቅሉት አልኳት። ጨርቁን እኮ እናጥበዋለን አለችኝ። “ማጠብና መቀቀል አንድ ነው እንዴ ልጄ?” አልኳት።

ኅዳር 25
ብቻቸውን የቀሩትን አሥራ ዘጠኝ እግሮች አልጣልኳቸውም ነበር፤ አንድ ቀን ጓደኛቸው ይገኛል ብዬ በከረጢት አስቀምጫለሁ። ባለገመዷ ተሸክማልኝ ቤተ ሙከራው ሄድን። አዲሱንም ጨርቅ እንዲቀቅሉ አደረግሁ። አለቃቸው ዶክተሩ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ራሱ አማሰለ። አያያዙን ሳየው፣ በእኔ ጊዜ ቢሆን አልቀጥረውም ነበር።

ታኅሣሥ 20
ገምጋሚዎቹ መጡ። ፊታቸው የማይፈታ ሦስት ሰዎች። ረጅሟ ልጅ መዳብ የለበሰውን ካልሲ ከትንሽ አምፖል ጋር አገናኝታ አበራችው። አንዱ ገምጋሚ ሲሳብስ አለ። ልጅቷ ካልሲውን ወደ እኔ ዘረጋችው። እኔ አንዱን ጫፍ ያዝኩ፤ ባለገመዷ ሌላውን።

“ሳቢ” አልኳት።
“አንቺ ሳቢ።”

ሳብን። የሁለት ዓመት ኩርፊያችንን ያህል ሳብን። ዶክተሩ ዓይኑን ጨፈነ። አምፖሏ አልጠፋችም። ፊታቸው የማይፈታው ሰዎች ሳቁ። ሥራው ይቀጥላል ተባለ፤ በሚወጣውም የጥናት ጽሑፍ ላይ የልጄ ስም መጀመሪያ ይሰፍራል።

ቤት ገብቼ ልብስ አጠብኩ። ባለገመዷ እያቀበለችኝ አሰጣሁ። ካልሲዎቼን ቆጠርኩ። ሁሉም ጥንድ ጥንድ፣ ሙሉ።

ምነው አንድ በጎደለ...

ይህ ደብተር ከእኔ በኋላ እጁ የሚገባ ሰው ካለ፣ አደራ፣ ልጄን በጸሎት ያስብልኝ። የካልሲውን እኔ ይቅር ብዬዋለሁ። የቀረውን እግዜር ይቅር እንዲለው ይለምንልኝ።