ባልሽ ዝም ያለበት ነገር

ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሰውነትሽስ በረታ? እኔ ደህና ነኝ፤ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ዛሬም የማንንም ዓይን አልለምንም።

ልቤ ግን ደህና አይደለም። የገዛ ቤተሰቤ ከድቶኛል። በስልክ ብነግርሽ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ባለፈው የልብስ ስፌት ቤቴ መጥተሽ ሳለ፣ ሰው ሁሉ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አንቺ ሹራብሽን አውልቀሽ በካርቶን ትራገቢ ነበር። «ይቺ ልጅ ወባ ይዟታል» አልኳት አክስትሽን። ሳቀችብኝ። «የምን ወባ፣ ወንድምዬ! ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እኮ የወር አበባዋ ቆሟል፤ ሙቀቱም ከዚያ ነው። አልሰማህም እንዴ?» አለችኝ። እጢው «በደህና ወጣ» ብላችሁኝ አልነበር? ቤቱ ሁሉ የሚያውቀውን፣ እኔ ከጎረቤት በታች ሆኜ ሰማሁ።

አላመንኳትም። ራሴ ያከመሽ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ስለ አንቺ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ደግ አደረገ። በጥቅሉ ብጠይቀው ግን፣ እጢ ከሁለቱም የእንቁላል ማምረቻዎች ሲወጣ ጤናማው ሥጋም አብሮ ሊነካ ይችላል፣ አንዳንዷ ሴት በዚያ የተነሳ ጊዜዋ ሳይደርስ ታርጣለች፣ ሁሉም ግን አይደሉም አለኝ። ፊደልን ብቻዬን የለየሁ ሰው፣ ይህ አይገባውም ብላችሁ ነው?

ያልገባኝስ የእናንተ ነገር ነው። በመጣችሁ ቁጥር ባልሽን በሰው ፊት «ምነው ጎበዝ፣ ጥላ ብቻ ሆንክሳ፤ ፍሬው የታለ?» እያልኩ ስዘልፈው፣ እሱ አቀርቅሮ ይበላል፤ አንቺ ጨው ታቀብይኛለሽ። በመጨረሻ «ደጄን እንዳትረግጥ» ስለው እንኳ «እሺ አባባ» ብሎ ወጣ። ምላሴን ንጹሕ ሰው ላይ ስለቅ አንዳችሁ «ተው» አላላችሁኝም። በሽታሽን መደበቅሽን እችለዋለሁ። ይህን ግን በምን ሆዴ ልቻለው?

ትናንት እሱ በሚሠራበት ጋራዥ በኩል አለፍኩ። መንገዴ አልነበረም። በሩ ላይ የቆምኩት ጉልበቴ አላስኬድ ብሎኝ ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጪው። ከመኪና ሥር ወጥቶ አየኝ። እጁን ጠረገ፣ በርጩማ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ፣ ተመልሶ ከመኪናው ሥር ገባ።

ተቀመጥኩ። ጋራዡ እስኪዘጋ።

እግዚአብሔር ሰውነትሽን ያበርታው፣ ከቤትሽ ሰላም አያጉድል። እሑድ ለምሳ እጠብቃለሁ። ብቻሽን እንዳትመጪ።

አባታችሁ