ከጎኔ ያለው በርጩማ

ለእህቴ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ለማይሆንላት ለቁንጥንጧ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? እማዬን ያ ጉልበቷ ብርድ ሲገባ እንደ ድሮው ያስቸግራታል ወይስ ቀለል ብሏታል? አባባን ደረቁ ሳል ለቀቃቸው? ወንድማችንና ሚስቱ ሰላም ናቸው? ገና በዓይኔ ያላየሁት ልጃቸው ጥርስ አበቀለ? የጓሮዋ ጎረቤታችንስ ዶሮዎቿን አሁንም ስም እየጠራች ትሳደባለች? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ለወጉ ያህል እንዳይመስልሽ፤ አንድ በአንድ እንድትመልሺልኝ ነው። ባለፈው ደብዳቤሽ «ሁሉም ደኅና ናቸው» ብለሽ ቤቱን በሙሉ በአንድ መስመር ስለጠቀለልሽው ተቀይሜሻለሁ። ብቻውን ለሚኖር ሰው አንድ መስመር አይበቃውም።

እኔም እንደ ልማዴ «ደኅና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ፊደሌ ተንጋዶ ስታዪ በጥድፊያ የጻፍኩት ይመስልሽ ይሆናል፤ አይደለም። ዛሬ የእረፍት ቀኔ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሦስት መስመር እጽፋለሁ፣ እጄን አሳርፋለሁ፣ ደግሞ ሦስት መስመር እጽፋለሁ። ቀኝ እጄን አሞኛል እህቴ። ይኸው አልኩት።

ስለ ሥራዬ እስካሁን የነገርኩሽ ውሸት አልነበረም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩሽ። የስፌት አዳራሹ ሰፊና ብርሃናማ መሆኑ እውነት ነው። ሴቶቹ ጨዋታ አዋቂ መሆናቸው እውነት ነው። ሣሩ እንዳይደርቅብን በአፋችን ስለምንይዘው ቀይ የምትሰፋዋ በቀይ ከንፈር፣ አረንጓዴ የምትሰፋዋ በአረንጓዴ ከንፈር መዋሏም እውነት ነው፤ በዚህ ስትስቂ ወለሉ ላይ እንደተንከባለልሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ያልነገርኩሽ ከጠዋት እስከ ማታ ጉልበታችን አገጫችን ሥር ገብቶ፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ከመሬት አንድ ክንድ በማትርቅ በርጩማ ላይ መዋላችንን ነው። ጥቅጥቅ ያለውን ሣር በወስፌ እንወጋለን፣ ቀጭኑን ሣር በቀዳዳው እናሾልካለን፣ በአውራ ጣታችን ስበን እናጠብቃለን። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደምናደርገው ማንም ቆጥሮት አያውቅም። አውራ ጣት ሲደክም በጥርስ እንስባለን። ስንነሳ ደግሞ የሃያ ዓመቷም የስልሳ ዓመቷም እኩል ወገባቸውን ይዘው «ኡፍ» ይላሉ።

የእኔ እጅ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው። መጀመሪያ ጣቶቼ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። ቀጥሎ ኩባያ ከእጄ ይወድቅ ጀመር፤ ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ያልተናገርኩበትን ምክንያት ወደ በኋላ እነግርሻለሁ፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

እዚህ አንድ ደንብ አለን። ባለክዳን ሙዳይ ስንሰፋ ታችኛውንም ክዳኑንም የምትሰፋው አንዷ ሴት ናት። የእያንዳንዷ አሳሳብ የተለያየ ስለሆነ የሁለት ሰው እጅ ከገባበት ክዳኑ አይገጥምም። እኔ ታችኛውን የጨረስኩት እጄ ደኅና ሳለ ነው። ክዳኑን ስጀምር ጣቶቼ ደንዝዘው ሣሩ ይጥበቅ ይላላ አይሰማኝም ነበር፤ የላላ እየመሰለኝ አጥብቄ እስባለሁ፣ አሁንም የላላ ይመስለኛል፣ ጥርሴን ነክሼ እደግመዋለሁ። በየሦስት ዙሩ ገጥሞ መለካት የጀማሪ ሥራ ነው ብዬ ስለምኩራራ አልለካሁም። በእጄ እተማመን ነበራ!

የርክክቡ ዕለት ኃላፊያችን፣ ሁላችንም «ሜትሯ» የምንላት፣ ክዳኑን አንስታ ስትገጥመው ድፍት ብሎ ሙዳዩ ውስጥ ገባ። እታች ወርዶ ተቀመጠልሽ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ከሁሉ በላይ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ሜትሯ ግን አልሳቀችም። ክዳኑን አወጣችው፣ አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ማን እንደሰፋልኝ ጠየቀችኝ። እኔው ነኝ ብላት አላመነችኝም፤ እጅሽን አውቀዋለሁ፣ ይህ የሰው እጅ ነው አለችኝ። እህቴ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ራሷ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሐኪሟ የእጄን አንጓ በጣቷ ስትመታው እስከ ክርኔ ነዘረኝ። እዚያ ጋ የሚያልፍ ነርቭ ተጨፍልቋል አለች። ሥራዬን ጠየቀችኝና ስነግራት ስንት ሆናችሁ ነው የምትሠሩት አለችኝ፤ ሠላሳ አንድ ብላት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከፍ ያለ መቀመጫ፣ በየሰዓቱ መነሳትና መንጠራራት ያስፈልጋችኋል፤ አንቺ ግን ወስፌ የሚባል ነገር እንዳትነኪ፣ ክንድሽንም ትራስ ላይ አሳርፊ አለችኝ። እጄ ይመለስ እንደሆነ ብጠይቃት እናያለን ነው ያለችኝ።

ሜትሯ አላባረረችኝም፣ እግዜር ይስጣት። ኋላ ክፍል ሣር እንድመርጥ አድርጋኛለች፤ ረጅሙን ለብቻ፣ አጭሩን ለብቻ። የአዳራሹ ሳቅ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አይሰማኝም። ሲስቁ እኔም አንዳንዴ ዝም ብዬ እስቃለሁ።

አሁን ወደ ደበቅኩት ልመለስ። «ነይልኝ፣ ለሜትሯ ነግሬልሻለሁ፣ ከጎኔ ያለውን በርጩማ አስይዤልሻለሁ» ብዬ የጻፍኩልሽ እጄ ከደነዘዘ በኋላ ነው። አውቄ ነው የጠራሁሽ። ሕመሜን ከተናገርኩ አትመጪም ብዬ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ከሥራ ስመለስ በሬን ከፍቼ «መጣሁ!» እላለሁ፤ እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም። ላንቺ ብዬ ትራስ ገዝቻለሁ። ከአልጋው በግድግዳው በኩል ያለው ያንቺ ይሁን፣ ስትገላበጪ መሬት ትወድቂያለሽ ብዬ ወስኜ ነበር። ብቸኝነቱ ክፉ አድርጎኝ ነበር፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ልቤን የመለሰችው ትልቋ እትዬ ናት። ከሁላችን ቀድማ እዚህ የገባች፣ ፊት ጥርሶቿ ሣሩ ሲሳብባቸው ኖሮ መሐል ለመሐል የተሸረፉ ሴት ናት። ኋላ ክፍል ድረስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በርጩማው ለማን እንደተያዘ ስትጠይቀኝ ለእህቴ አልኳት። አውራ ጣቷን ዘርግታ አሳየችኝ፤ አይታጠፍም። እሷም ታናሿን አምጥታ ከጎኗ አስቀምጣት ነበር። ስምንት ዓመት አብረው ሲስቁ ሰፉ፤ አሁን ያቺ ታናሿ የገዛ ልጇን ጸጉር መጎንጎን አትችልም፤ ልጅቷን የምትጎነጉናት ጎረቤት ናት። አንድ ቀን እንኳ ወቅሳኝ አታውቅም፣ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው አለችኝ። ጉልበቷን ይዛ ተነስታ ሄደች።

ስለዚህ እህቴ፣ አትምጪ። ልብስሽን አጥፈሽ ሻንጣ ውስጥ እንደከተትሽ አውቃለሁ፤ መልሰሽ አውጪው። የላክሽልኝን የመጀመሪያ ስፌትሽን ኩባያዬን አስቀምጥበታለሁ። የላላ ነው፤ ቸኩለሽ እንደሰፋሽው፣ ሦስት ጊዜም ተነስተሽ ጓሮ እንደሄድሽ ከዙሩ ይታወቃል። መስፋቱን አልከለክልሽም፤ ሲሰለችሽ እየተነሳሽ፣ ሲያምርሽ ብቻ ስፊ። እማዬ ስንት ዓመት ስለዚያ መቁነጥነጥሽ ተቆጥታሻለች፤ እኔ ግን ዛሬ ተመስገን እለዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለእማዬ ስታነቢላት አንዲት ቃል እንዳትዘዪ። ሦስት ወር ሙሉ አታልዬአታለሁ፤ ይብቃ። ስታለቅስ ግን አጠገቧ ሁኚ፣ ተነስተሽ ወዲያ ወዲህ አትበዪባት። ጉልበቷን በእኔ ምትክ እሺልኝ። አባባን እጅ ነስታለች በይልኝ፤ ሳላቸው ካልለቀቃቸው ኩራታቸውን ትተው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ዝም ማለት ምን እንደሚያመጣ እኔ አይቼዋለሁ በያቸው። ወንድማችንን ጆሮውን ጎትቺልኝ፤ ከሠርጉ ጀምሮ አንድ ደብዳቤ አልጻፈልኝም። ሚስቱን ሳሚልኝ፤ ሕፃኑን ደግሞ አንገቱ ሥር፣ ሲኮረኮር የሚስቅበት ቦታ ላይ። የጓሮዋን ጎረቤታችንንም ከነዶሮዎቿ ሰላም በያት።

ሰኞ ጠዋት ሜትሯ ስለ በርጩማው ትጠይቀኛለች። እህቴ አትመጣም እላታለሁ፤ ትራሱንም ሐኪሟ እንዳዘዘችኝ ከክንዴ ሥር አደርገዋለሁ፤ አሁንም ይህን ስጽፍ ክንዴ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ብቻ መጻፍሽን አታቋርጪ። እንዳትለምኚኝ ግን አደራ። አንዴ ብቻ «ልምጣ» ብትዪኝ እሺ እልሻለሁ።

የምትወድሽ እህትሽ

ከክፍሌ፣ መስኮቱ ሥር
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን