ለቅሶ በእንጨት ፈረስ ላይ

ቅዳሜ፣ መስከረም ፳፬

አስካለ ከሞተች ዓመት አልሞላም። ለሚስቴ አንድ ጠብታ እንባ አልወጣኝም። ልጄ ሰናይት ይሄ ስላስጨነቃት ዛሬ ከቤት ካልወጣህ ብላ ዳላስ ፌር ወደሚሉት የጨዋታና የባዛር ሜዳ ወሰደችኝ። ጥቁሬን ለብሼ ሄድኩ።

እዚያ የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል አሉ። ሠራተኛው ሽበቴን አይቶ በፈረሶቹ መሃል ያለውን የሽማግሌ መቀመጫ አሳየኝ።

«አባዬ፣ እዚያ ተቀመጥ፣ ፕሊስ» አለች ሰናይት።

«ወንበር እቤቴም አለ» አልኳትና ፈረሱ ላይ ወጣሁ።

መዞር ሲጀምር ከታች ብርቄን አየኋት፤ ቤድፎርድ ከተማ የምትኖረው የአስካለ ጓደኛ። አገር ቤት ስለነበረች ለቅሶ አልደረሰችኝም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

«እግዜር ያጥናዎት!»

ሳልመልስላት ፈረሱ ይዞኝ ሄደ። ዞሬ ስመጣ «ምን አገኛት?» አለች።

«ልቧ ነው» አልኩ፤ ደግሞ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ዙር ስመጣ እንባዋ ይወርዳል። ከፈረሱ ብድግ ብዬ እጅ ነሳሁ። ሰናይት በሀፍረት ፊቷን ሸፈነች።

ሲቆም ብርቄ «በስማም! ይሄ ለቅሶ ነው እንዴ? ነገ ቤትዎ እመጣለሁ» አለች።

«ደርሰሻል፣ በቃ። አትልፊ» አልኳት።

ስታለቅስ እያየሁ ለእኔም እንባው ይመጣልኝ ይሆን ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም የለም። ፈረሱ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል።

እንባው ቤት ይመጣ እንደሆነ፣ ጠዋት ሰናይትን «ብርቄን ኮል አድርጊያት፣ ትምጣ በያት» እላት ይሆናል። እኔ ግን አልደውልም።