ፓትሪክ አሁንም የእኛ ነው

ውድ መናፍቄ ሴሲል፣

ሞቼ ከማላኪ ምላስ ተገላገልኩ ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል። የአየርላንዱ ቅዱስ ፓትሪክ የእኛ ነው። ካቶሊክ ሆኖ ኖረ፣ ካቶሊክ ሆኖ ሞተ። በዓሉ ትናንት ነበር፤ እኔም እንደየዓመቱ ክርክራችን አትራክታ መጠጥ ቤት መሀል ቆሜ ይህንኑ ተናግሬልሃለሁ። በጥር ጥለኸኝ መሄድህን ደግሞ ገና ይቅር አላልኩህም። በዓሉ እስኪያልፍ ብትታገስ ምን ነበረበት?

ዘንድሮ ከተማው ሁሉ ተማክሮብኝ ነበር። መጀመሪያ ልጄ ኦርላ መጣችና «አባዬ፣ የዘንድሮው ክርክር ይቅር። ሰው ሞቶ እንዴት ይቀለዳል?» አለችኝ። ቀጥሎ አባ ዴክላን ከቅዳሴ ስወጣ ክንዴን ይዘው «ለሟቹ ክብር ስንል በጸጥታ እናስበው» አሉ። በመጨረሻ አትራክታ ራሷ፣ በየዓመቱ ዳኛ ሆና ማን እንደረታ የምትፈርድብን አትራክታ፣ «አንድ ደቂቃ ጸጥ እንላለን፣ ከዚያ ሙዚቃው ይቀጥላል» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ።

ጸጥታ! ለአንተ! ዕድሜህን ሙሉ አፍህን ዘግተህ የማታውቅ ሰውዬ! ደሜ ፈላ። ሰው ሲሞት ወዲያው ቅዱስ ያደርጉታል፤ አንተን ቅዱስ! አበስኩ ገበርኩ! ዘንድሮ ዝም ካልን በሚቀጥለው ዓመት የምናስታውሰው አንተን ሳይሆን ሌላ ጨዋ ሰው ነው። እኔ በሕይወት እያለሁማ ይህ አይሆንም አልኩ። ያንተን ወንበር ለጸጥታ አላስረክብም።

ትናንት ሻምሮኬን፣ ያቺን የፓትሪክ ምልክት የሆነች ባለ ሦስት ቅጠል ማገጥ፣ ደረቴ ላይ ሰክቼ ገባሁ። ሁለት ውስኪ አዘዝኩና አንዱን ወንበርህ ፊት አስቀመጥኩ። ሁዳዴ መሆኑን አልረሳሁም፤ ጾሙ ከገባ ጠብታ አልቀመስኩም። ግን የፓትሪክ ዕለት ለእኛ ይፈቀዳል። «ጳጳሳችሁ ጾም ያውጃል፣ ጉሮሯችሁ ይሽራል» ትለኝ አልነበር? የሮማው ጳጳስ ሥዕልም ከወንበርህ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ሻምሮካችንን መጨረሻው ብርጭቆ ውስጥ አስጥመን፣ ጠጥተን፣ የራሰውን ቅጠል በግራ ትከሻችን ወደ ኋላ ስንወረውር ያንተው በየዓመቱ እዚያ ሥዕል ላይ ይለጠፍ ነበር። እኔ «አነጣጥረህ ነው!» ስልህ አንተ እጅህን ወደ ላይ ዘርግተህ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ትላለህ። ውሸታም!

አትራክታ ደወሏን መታች። «ለሴሲል አንድ ደቂቃ» አለች። ሁሉም ቆቡን አወለቀ። እኔ ግን ብድግ አልኩና ጮህኩ።

«ፓትሪክ ካቶሊክ ነው! ከአየርላንድ እባቦቹን ሁሉ ሲያባርር ፕሮቴስታንቶቹን ብቻ ረሳቸው!»

ማንም አልሳቀም። ኦርላ አንገቷን ደፋች። አባ ዴክላን ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ያንተ ወገኖችም ጥግ ላይ ተደርድረው ብርጭቆ ብርጭቋቸውን ያያሉ፤ አንድ ደፋር ጠፋ!

«እንዴ! መልስ የሚሰጥ የለም?» አልኩ። መልስ ከሌለ ክርክር የለም፤ ክርክር ከሌለ ደግሞ እኔ የሞተ ወዳጁን የሚሰድብ ሰካራም ሽማግሌ ነኝ። ገና አልጠጣሁም እኮ!

ያኔ ከበሩ በኩል የሴት ድምፅ መጣ። «የቄስ የልጅ ልጅ ነው!»

ሄዘል ነበረች። ሚስትህ! በዕድሜዋ መጠጥ ቤት ረግጣ የማታውቀው፣ አፍህ ውስኪ ውስኪ ሲል ከከብቶቹ ጋር እደር የምትልህ ሄዘል! ጥቁር ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ሻምሮኳን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች።

«ፓትሪክ በገዛ እጁ ጽፎታል፣ አያቱ ቄስ ነበሩ» አለች። «የእናንተ ቄስ ሚስት አያገባም። እስቲ አባ ዴክላን የልጅ ልጅ ከየት ነው የሚያመጡት?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አባ ዴክላን ቢራው ትን ብሏቸው ጀርባቸውን ደበደብንላቸው።

«ይሄን ያስተማረሽ እሱ ነው!» አልኳት።

«ማን፣ እሱ? በየዓመቱ ጾማችሁ ከገባ ጀምሮ ወጥ ቤቴ ውስጥ እየተንጎራደደ ሲለማመድ ያንተን መልስ ማን ይመልስለት የነበረ ይመስልሃል? እኔ! ካንተ የተሻልኩ ካቶሊክ ነበርኩ፣ ማላኪ!»

አትራክታ መጥታ እጇን ያዘቻት። «ሄዘል፣ እኛኮ ጸጥታውን ላንቺ ብለን ነው» አለቻት።

«ጸጥታውንማ ቤቴ ጠግቤዋለሁ» አለች ሄዘል። «የመጣሁት ጫጫታ ፈልጌ ነው።»

ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ዝም አላለም። ያንተ ወገኖች ከየጥጉ ተነሱ፣ የኔዎቹም ተነሱ፣ ሽንጣችንን ገትረን ተከራከርን። ኦርላ እንኳ ጠረጴዛ እየመታች ትጮህ ነበር። ልትሄድ ስትል ሄዘል ሻምሮኳን ነቅላ ብርጭቆህ ውስጥ አስጠመችና ወደ እኔ ገፋችው። «እኔ አልጠጣም፣ አንተ ጠጣለት» አለች። ጠጣሁልህ። የራሰውን ቅጠል በሁለት ጣቷ አወጣችና ሳትዞር በግራ ትከሻዋ ወረወረችው። ጳጳሱ አፍንጫ ላይ!

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው!» ብሎ ቤቱ ጮኸ።

«የምን ፈቃድ!» አለች። «በራሰ የፐርሰሜሎ ቅጠል የእናቴን ፎቶ እየደበደበ ነው የተለማመደው። የወደቀውን የማነሳው እኔ ነበርኩ። አንዳንዴ ደስ ሲለው ተራ ይሰጠኝ ነበር።»

ይህን ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ አልደብቅህም። በጣም ናፍቀኸኛል፣ አንተ አታላይ።

አትራክታ ፕሮቴስታንት ረትቷል ብላ ፈረደች። ይግባኝ ብያለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ሄዘል ወንበርህን ይዛለች፤ ጾሙ ሲገባ ደግሞ ወጥ ቤቷ ድረስ እየሄድኩ ልለማመድ ተስማምተናል። የእናቷን ፎቶ ከግድግዳው አላወረደችውም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እዚያ ፓትሪክን ካገኘኸው የማን እንደሆነ እንዳትጠይቀው። እኔ ሳልኖር መጠየቅ ማጭበርበር ነው። ቆየኝ፤ ስመጣ አንድ ላይ እንጠይቀዋለን። እስከዚያ ግን የእኛ ነው።

እጅ የማይሰጠው ጣዖት አምላኪህ፣
ማላኪ