ሐረጎ ላይ ስለ ፈረሰው ተጎታች ቤት ለሲኞር ዲሬክቶር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሲኞር ዲሬክቶር
በኮምቦልቻ የተጎታች ቤቶች መሥሪያ የበላይ ኃላፊ
ኮምቦልቻ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ወገብዎ የጸና፣ ጉልበትዎ የበረታ፣ በተለይም ጆሮዎ ደኅና ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ፤ ይህ ደብዳቤ በገበያ መካከል ሲነበብ ከኮምቦልቻ ሆነው እንዲሰሙት ብዬ ነው። እኔ ለአላህ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነኝ፣ በሁለት እግሬም ቆሜያለሁ፤ ይህም ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ከሚወጡት ነገሮች ብዙዎቹ ያልቻሉት ነው።

ደንበኛዎ ብዙ ስለሆነ ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ እንድሪስ ሙሄዲን ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቢስቲማ ደሴ፣ ከደሴም ቆላ ወርጄ በቅሎ እየነዳሁ የኖርኩ ሲራራ ነጋዴ ነኝ። ይህን የሚጽፉልኝ ጎረቤቴ መሪጌታ ቀለሙ ናቸው፤ እኔ የቁርኣኑን ፊደል እንጂ የአማርኛውን እጄ አልለመደውም። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ያለዝባሉ። ስለዚህ በዚህ ወረቀት ላይ ለስለስ ያለ ቃል ካገኙ ምስጋናዎን ለእሳቸው ያድርሱ፣ የቀረው የእኔ ነው።

እንደሚያውቁት እናቴ ከሪማ ዳሌዋ ከተሰበረ ሰባት ዓመት ሆኗታል። በቅሎ ላይ መቀመጥ አይሆንላትም፣ የጭነት መኪና ላይ ብትወጣም መንገጫገጩ ያስጮኻታል። ታናሽ እኅቷ አክስቴ ረሂማ ደግሞ ከኮምቦልቻ አልፎ ደጋን፣ መንገዱ ዳር ነበር ቤቷ። እነዚህ ሁለት እኅትማማቾች በአንድ ጡት አድገው፣ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ለይቷቸው ሰባት ዓመት ሳይተያዩ ኖሩ። ባለፈው መጋቢት አክስቴ ክፉኛ ታመመችና ሳልሞት ከሪማን አሳዩኝ ብላ ላከች።

ይህን ሁሉ እርስዎ የሰሙት ከሌላ ሰው አይደለም፣ ከእኔው ገበታ ላይ ነው። በቅሎዎቼን አይተው ወደዋቸው ቤቴ ይመላለሱ ነበርና፣ አማርኛዎም ማሻአላህ ነውና፣ እናቴ አጠገብ ተቀምጠው እጇን ይዘው፣ ‹እንድሪስ አታስብ፣ እናትህ እናቴ ናት፤ ሹማምንቶቻችን እሑድ እሑድ ሐይቅ ዳር የሚዝናኑበትን ዓይነት፣ አልጋ ያለው፣ መስኮት ያለው፣ ጎማ ላይ የተቀመጠ ቤት እሠራልሃለሁ፤ መኪና ይጎትተዋል፣ እሷ ተኝታ ትደርሳለች› አሉኝ። አሥራ አንድ በቅሎዬን ሰጥቼ ቤቱን ልወስድ ተስማማን። እናቴ ያን ቀን መረቀችዎት። እኔም ልቤን ሙሉ በሙሉ ጣልኩብዎት፣ እንደ ወንድም።

በእኛ በሲራራ ነጋዴዎች ዘንድ ያለውን ወግ ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ ያስተማርኩዎ እኔ ነኝ። ዕቃ ሲለዋወጥ መጀመሪያ ይመረመራል፤ የበቅሎ አፍ ይከፈታል፣ ጥርሱ ይታያል፣ ሰኮናው ይነሣል፣ ተጭኖ ቁልቁለት ይወርዳል። ሁለቱም ወገን በቃኝ ሲሉ እጅ ተዘርግቶ ዱዓ ይደረጋል፣ ፋቲሓ ይባላል። አሚን ከተባለ በኋላ ግን ዕቃ መመርመር ነውር ነው፤ እንዲያ የሚያደርግ ሰው ወንድሙን በአላህ ፊት ሌባ ብሎ እንደ ሰደበው ይቆጠራል።

እርስዎም በወጋችን መሠረት በቅሎዎቼን ሦስት ቀን ሙሉ መረመሩ። የአሥራ አንዱንም አፍ በገዛ እጅዎ ከፈቱ፤ ዳማዋ በቅሎ ጣትዎን የነከሰችዎት ጊዜ እኔ አፍሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ዛሬ ሳስበው ከሁላችን አስተዋይዋ እሷ ነበረች። ቤቱን ልረከብ ኮምቦልቻ የወረድኩ ዕለት ግን ዱዓ የሚያደርጉትን ሽማግሌዎች አስቀድመው ግቢዎ ውስጥ ሰብስበው ጠበቁኝ። ቤቱ አረንጓዴ ተቀብቶ ከሩቅ ያብለጨልጫል። እጄን ወደ በሩ ስሰድ እርስዎ ቀድመው መዳፍዎን ወደ ሰማይ ዘረጉ። የሌላ ሃይማኖት ሰው፣ ያውም ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ የእኛን ወግ እንዲህ አክብሮ ሲቆም አይቼ እንባዬ መጣ። ሽማግሌዎቹ ፋቲሓ አሉ፣ እርስዎ ከሁላችን ድምፅ በላይ ‹አሚን!› አሉ፣ እኔም ያንን በር ሳልከፍት አሚን አልኩ። ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ድረስ አንጀቴን የሚያሳርረው ይህ ነው።

እንግዲህ የሚከተለውን በአክብሮት አስታውቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጣሪያው። ቤቱን ባዶውን ደሴ አስጎትቼ እናቴን አሳፈርኳት፤ ከደሴ ወጥተን ብዙ ሳንርቅ የበልግ ዝናብ መታን። ለካ የጣሪያው ላሜራ የተጋጠመበት ስንጥቅ ሁሉ የተደፈነው በሳሙና ኖሯል፤ ውኃው ሲነካው ጣሪያው አረፋ ያንጠባጥብ ጀመር። እናቴ ከአልጋዋ ሆና፣ ‹እንድሪስ፣ ሰማዩ ልብስ ያጥባል እንዴ?› ብላ ጠየቀችኝ። ሳንጠይቅ ስለ ሰጡን መታጠቢያ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ ስለ ግድግዳው። ያ የሚያብለጨልጭ ቀለም ከዝናቡ ጋር ታጥቦ ሲወርድ ከሥሩ የአገርዎ ጽሕፈት ብቅ አለ። መኪናውን የሚነዳልን በላቸው ከአገርዎ ሰዎች ጋር ሲሠራ ጽሕፈታችሁን ተምሯልና ወርዶ አነበበው። መኮረኒ ይላል አለኝ። እናቴን ያስተኛኋት የመኮረኒ ሳጥን ተገጣጥሞ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው! ከሥሩ ደግሞ ‹ከእርጥበት ይጠበቅ› የሚል ቃል ነበረበት፤ መኮረኒው እንዳይርስ እንዲህ የተጨነቁ ሰዎች ለእናቴ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፋቸው ገርሞኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ ባሌስትራው፣ ማለትም ከጎማው በላይ ሆኖ ቤቱን ስለሚሸከመው ተደራራቢ ብረት። የቀኙ የትልቅ ጭነት መኪና ነው፣ የግራው የትንሽ መኪና ነው፣ ስለዚህ ቤቱ ወደ ግራ ያነክሳል። እናቴም የተሰበረው የግራ ዳሌዋ ነው። በየመታጠፊያው በታመመ ጎኗ ላይ ትወድቅ ነበር፣ እኔም አልጋውን በትከሻዬ ደግፌ ስወርድ የራሴ ትከሻ ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሣልኝም።

አራተኛ፣ ቡሎኖቹ። ራስ እንጂ አካል የላቸውም፤ በሙጫ የተለጠፉ ናቸው። አጀብ ነው! ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው በሐረጎ ቁልቁለት መሀል ስንደርስ የግራው ግድግዳ እንዳለ ተላቆ ገደል ገባ፣ ወለሉም ለሁለት ተከፈለ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሻሿን ሳታስር ከጓዳ ወጥታ የማታውቅ ሴት፣ አልጋዋ ላይ እንደ ተኛች፣ ዝናብ እየወረደባት፣ ለመንገደኛ ሁሉ ታየች። ኩታዬን አውልቄ ሸፈንኳት። ዓይኗን ጨፍና አላህን ትጠራ ነበር።

አምስተኛውን መሪጌታ ቀለሙ ይቅር ብለው ለምነውኝ ነበር። አይቀርም። እስካሁን የተናገርኩት ስለ እንጨትና ስለ ብረት ነው፤ እንጨትና ብረት ይሰበራል፣ እኔም ለዚያ ብቻ ቢሆን መሪጌታን አላደክምም ነበር።

በላቸው መኪናውን ፈትቶ ኮምቦልቻ ወርዶ ነገርዎት። እርስዎም በእሱ አፍ፣ ‹እናትህን ከቦታዋ እንዳታነቃንቅ፣ ነገ ማለዳ ብረትና ሠራተኛ ይዤ ራሴ እመጣለሁ› ብለው ላኩብኝ። በዚያው ዕለት የሐረጎ ገበሬዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ቃሬዛ ይዘው መጥተው እንሸከማት፣ ተቀባብለን ደጋን እናደርሳታለን ብለውኝ ነበር። የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ሲኞር ዲሬክቶር ራሱ ይመጣል፣ ቃሉን ሰጥቶኛል አልኳቸው። ይህን ስናገር ደረቴን ነፍቼ ነበር፣ ያ ረቢ!

ማለዳው መጣ፣ እርስዎ አልመጡም። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ከኮምቦልቻ በኩል የእርስዎ መኪና ሲወጣ አየሁና ዘልዬ መንገድ መሀል ቆምኩ። መለከትዎን ነፉ፣ ዘወር አልኩ፣ እጅዎን አውለበለቡልኝና አለፉ። እኔ ሞኙ ሠራተኞቹ ከኋላ እየመጡ ነው ብዬ እጄን አውለብልቤ መለስኩልዎት፣ ለእናቴም መጡልን ብዬ ጮኼ ነገርኳት። በኋላ እንደ ሰማሁት ሐይቅ ዳር ለሽርሽር እየሄዱ ኖሯል። መኪናዎ አናት ላይ የታሰረውን ግን ያኔውኑ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ድንኳን ነበር። ለሹማምንቱ ሁሉ ተጎታች ቤት የሚሠራው ሰው ራሱ የሚያርፈው በድንኳን መሆኑን ከሁሉ በፊት ቢነግሩኝ ኖሮ ምርመራም ባላስፈለገኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አፍሬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እነዚያኑ የሐረጎ ገበሬዎች ለመንኩ። ወዲያው ቃሬዛውን አነሡ። ደጋን የደረስነው ፀሐይ ጠልቃ የማግሪብ ሶላት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። አክስቴ ረሂማ እኛ ከመድረሳችን አንድ ቀን ቀድማ ከሰዓት በኋላ ሞታ በዚያው ዕለት ተቀብራለች።

ልጆቿ እንደ ነገሩን፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት አልጋዋን ወደ መንገዱ አዙሩልኝ ብላ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ‹ከሪማ ናት?› ትል ነበር። ሲነጋም ሲመሽም መኪና ያልፋል፣ የእናንተው ጭነት ነው፣ እሷ ግን ሁሉንም ትጠይቃለች። እናቴን ከቃሬዛ አውርደው እዚያው አልጋ ላይ አስቀመጧት። መንገዱን እያየች ተቀመጠች። በጊዜ ብንሸከማት እንደርስ እንደ ነበር ታውቃለች፣ ማን እንዳስቀራትም ታውቃለች፤ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፣ እኔን የገደለኝም ይኸው ነው።

ሐዘኑ ለዘብ ሲልልኝ ግቢዎ መጥቼ ነበር። እርስዎ ወጥተው ሊያነጋግሩኝ አልፈቀዱም፤ በጸሐፊዎ በአቶ ሞላልኝ እጅ አንድ ቆርቆሮ አረንጓዴ ቀለም ከነቡርሹ ላኩልኝ፣ የታጠበውን መልሼ እንድቀባበት። ከቀለሙ ጋርም፣ ‹በአገራችሁ ወግ ዱዓ ከተደረገ በኋላ ዕቃ አይመረመርም፣ እንድሪስም አሚን ብሏል፣ ነገሩ አልቋል› የሚል መልእክት ነበረው። አቶ ሞላልኝ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት አልቻለም፣ እሱ የሰው ልጅ ነውና።

እውነት ነው ሲኞር ዲሬክቶር፣ አሚን ብያለሁ። ስለዚህ በቅሎዎቼን አልጠይቅዎትም፣ እኔ አሚን ያልኩበትን አላፈርስም። እጄን ይዘው ቤቴ ገብተው የበሉትም፣ የእናቴን ምርቃት ጎንበስ ብለው የተቀበሉትም ይጠቅምዎ። ነገር ግን ባለፈው ሰኞ የደሴና የቢስቲማ ሲራራ ነጋዴዎች ሽማግሌዎች ተሰብስበው መክረዋል፤ ከእንግዲህ ወዲህ ከእርስዎ ግቢ ዕቃ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ በሩን ይከፍታል፣ ጣሪያውን ያርሳል፣ ቡሎኑን ይነቅላል፣ ከዚያ በኋላ እጁን ይዘረጋል፤ እርስዎ መዳፍዎን የዘረጉበት ዱዓም እንደ ዱዓ አይቆጠርም። ከአባቶቻችን የወረስነውን ወግ ስንት ጦር፣ ስንት ራብ አልፎበት አላስለወጠንም ነበር። እርስዎ በአንድ የመኮረኒ ሳጥን አስለወጡን። ይህን የሚያህል ድል በአገራችን ላይ ያገኘ የአገርዎ ሰው ስለሌለ፣ ሹመት ቢጠይቁበት ምስክርነቴን አልነፍግዎትም።

ሰው አምኖ በሰጠው ልብ ላይ ቁልቁለት መውረድ ለማይከብደው ለእርስዎ፣ ረጅም ዕድሜና ፀጥ ያለ እንቅልፍ በመመኘት፣ እጅ እየነሣሁ እሰናበታለሁ።

ቃልዎን አምኖ የገዛ እናቱን ሐረጎ ላይ ያቆየ፣
የቀድሞ ባለ በቅሎ፣ የአሁን ባለ አንድ ቆርቆሮ ቀለም፣
እንድሪስ ሙሄዲን
ደሴ፣ ግንቦት 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ግልባጭ፦ በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ እንዲለጠፍ አንድ፤ ገበያ በዋለ ቁጥር ድምፁ ጎላ ባለ ሰው እንዲነበብ አንድ፤ ለሐረጎ ገበሬዎች፣ ከይቅርታዬ ጋር፣ አንድ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ወረቀት ሊታሸግ ሲል እናቴ ስለ እርስዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ያ ሰውየ እናት አለችው ወይ አለችኝ። በሕይወት እንዳለች፣ በየወሩ ደብዳቤ እንደምትጽፍልዎ ነግረውኝ ነበርና፣ አዎ አለችው አልኳት። እሷም፣ ‹እንግዲያው አላህን ለእሷ ለምኑላት፤ ታማ ስትጠራው፣ ልጇ ራሱ በሠራው ነገር ተሳፍሮ እንዳይመጣባት› አለች።