እማማ ትሁን የሣሉት ሥዕል

ሰኞ፣ ሐምሌ 6

አያ ደሴ ዛሬ እማማ ትሁንን በጥፊ መታቸው። ያሳደጉትን ሴት። ሻሻቸው ወልቆ ምድጃው አመድ ላይ ወደቀ። እናቴ ሻሹን አንሥታ አራገፈችው፣ እኔ ምሰሶውን ይዤ ቆምሁ። ሁልጊዜም እንደዚሁ ነኝ። ነገር ሲመጣ ምላሴ ይታሰራል።

ባለፈው ሳምንት ተኩስ ሲከፈት የቤተ ክርስቲያናችን ቆርቆሮ ተበሳስቷል። ዝናብ እየገባ በግድግዳው ላይ የተለጠፉት የሥዕል ጨርቆች መላቀቅ ጀመሩ። ቄስ ሞላ ትልቁን ጠቅልለው፣ የአባትህ ሥራ ነውና አንተ ዘንድ ይድረቅ ብለው ለአያ ደሴ ሰጡት። አያ ደሴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እኔና እናቴ እሱ ቤት ነን። አያቴ በፎገራ ሁሉ የታወቀ ሠዓሊ ነበር። እማማ ትሁን ሁለተኛ ሚስቱ ናቸው።

ጨርቁን መደቡ ላይ ዘረጋነው። ሄሮድስ ሕፃናቱን ሲያስፈጅ ነው። ጦር፣ ደም፣ ፀጉሯን የምትነጭ እናት። እማማ ትሁን ተጠግተው ብዙ አዩት። በወንዶች በኩል ተለጥፎ ስለኖረ አንዲትም ሴት በደንብ አይታው አታውቅም። ከዚያ "ይችን የሣልኋት እኔ ነኝ" አሉ። ወጡ ጨው አንሶታል እንደማለት።

አያ ደሴ መጀመሪያ ሳቀ። "አንች? ዶሮ ሣይ ቢሉሽ ድመት የምታወጭ?"

"ዶሮም እሥላለሁ" አሉ። "አባትህ ነው ዶሮ የማይሆንለት።"

ያኔ ነው የመታቸው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

ሥላሴ ነው፣ ሥራ የለም። አያ ደሴ ንግሥ ሄደ። የእማማ ትሁን ጉንጭ አብጧል። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። መጠየቅ ፈርቼ ነበር፣ እሳቸው ራሳቸው ጀመሩ።

አያቴ ሲጠጣ ሲጠጣ እጁ መንቀጥቀጥ ያዘው። ትእዛዙን እሱ ይቀበላል፣ እሳቸው ጓዳ ተቀምጠው ይሥላሉ። አቡጀዲ፣ ቀይ አፈር፣ ጥላሸት፣ ከሱቅ የሚመጣ ሰማያዊ። ሲያልቅ እሱ ስሙን ይጽፍና ተሸክሞ ይሄዳል። ብዙ ቤተ ክርስቲያን ዘረዘሩልኝ፣ እስከ አንበሳሜ። የሣሉትን ሁሉ ተለጥፎ ያዩት የለም ማለት ይቻላል።

"ሌላም ሴት ነበረች?" አልኋቸው።

"በይፋግ አንዲት ነበረች። ዘውዲት። አባቷ የሚሥላቸውን መላእክት ክንፍ ሁሉ እሷ ነበረች የምትሠራ። አሁን ስሟን ማን ያነሣዋል?"

ከዚያ ከሥዕሉ ላይ አንዱን ወታደር አሳዩኝ። ክፉ ሰው በጎን ነው የሚሣለው፣ በአንድ ዓይን። ቅዱሳን ብቻ ናቸው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። ያ ሕፃኑን በጦር የወጋው ወታደር ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ደረቱ ሰፊ ነው፣ አገጩ የአያ ደሴ አገጭ ነው።

"አያቴ ነው?"

"ምን ላድርግ። ሌላ ክፉ ሰው በቅርብ አላውቅም ነበር።"

ሳቅ አልሁ። እሳቸውም ሳቁ፣ ጉንጫቸውን ይዘው።

አያቴ ያወቀው ከተለጠፈ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ እጅህ ይባረክ እያለው ሊያስነሣው አልቻለም። ቤት መጣና ቀለም በሚፈጩበት መጅ የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣቶች ቀጠቀጠ። እኛ ጣታቸውን የጎዳው ወፍጮ ነው እየተባልን ነው ያደግን። ከዚያ ወዲህ አልሣሉም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8

ጥፋቱ የኔ ነው። ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ ሩዝ ስታርም ለሴቶቹ ነገረቻቸው። ሳይመሽ ጠላ ቤት ደርሷል።

አያ ደሴን አንዱ፣ "ደሴ፣ አባትህ ሕፃን ሲወጋ ታየ አሉ" ብሎታል። ሌላው ደግሞ፣ ሴት የሣለችው ከሆነ በየትኛው ቀኗ እንደሣለችው ማን ያውቃል፣ ረክሷል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይመለስም፣ ይቃጠል ብሏል። ሰዎቹም ልክ ነው አሉ።

አያ ደሴ ቢላዋ ይዞ ገባ። "ፊቱን ቆርጬ አወጣዋለሁ፣ ሌላውን አቃጥላለሁ" አለ። እናቴ ጮኸች። እኔ ምን እንደሠራሁ አላውቅም። ጨርቁ ላይ ተኝቼ ነበር። "ተነሽ፣ አስረበብ" አለኝ። አልተነሣሁም። በሌላ እጁ ጅራፍ አንሥቶ እስኪበቃው ገረፈኝ። ጀርባዬን፣ እግሬን። አንዱ ከንፈሬን ሰነጠቀው። ደሙ በጨርቁ ላይ እንዳይንጠባጠብ በነጠላዬ ይዤ ነበር፣ ያን ብቻ አስታውሳለሁ።

ያኔ ውጭ ተኩስ ተከፈተ፣ ቅርብ። ከኋላችን ያለው የጎረቤት አጥር ፈረሰ። ሁላችንም መሬት ላይ ተደፋን። አያ ደሴም። ፊቱ ከጨርቁ አጠገብ ነበር፣ ከወታደሩ ፊት ጋር ተያየ።

እማማ ትሁን ከተደፉበት ተናገሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"አባትህ መጁን አምጣ ሲል ያመጣህለት አንተ ነበርህ ደስዬ። ሕፃን ነበርህ። ለምን እንደፈለገው አላወቅህም። አንድ ቀን ተቀይሜህ አላውቅም።"

ተኩሱ ሲቆም አያ ደሴ ተነሣ። ቢላዋውን ጥሎ ወጣ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

አያ ደሴ አልመጣም። የጎረቤታችን ላም ሞታለች፣ ጥይት አግኝቷት። ጀርባዬ ተጣብቋል፣ እናቴ በቅቤ ታሸኛለች። እማማ ትሁን ጨርቁን በደረቅ ጥጥ ይጠርጋሉ፣ በግራ እጃቸው። ፀጉሯን የምትነጨዋን እናት ሲጠርጉ ቀስ ይላሉ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10

ቄስ ሞላ መጡ። ሰው ተማክሯል፣ ጨርቁ ይቃጠል የሚሉ በዝተዋል አሉን። የመጡት ጨርቁን ሊያድኑት ይሁን ሊያቃጥሉት አልገባኝም። እናቴ እግራቸውን ተሳለመች።

እኔ ተናገርሁ። መሬት መሬቱን እያየሁ። "አባ፣ የሣሉት እማማ ትሁን ናቸው። ይችን ብቻ አይደለም። ሲሠሩ ጣታቸው ደህና ነበር።"

ቄስ ሞላ ዞሩ። "እውነት ነው ትሁን?"

"እውነት ነው አባ።"

"ታዲያ በየትኛው ቀንሽ?"

እማማ ትሁን ቀና አሉ። ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም፣ ያን ጊዜ ግን ተቆጡ። "በንጽሕናዬ ቀን ብቻ። ወሩ ሲመጣ ብሩሹን አልነካሁም። ሥዕሏ ሳታልቅ ዓመት ሊሞላት የደረሰው ለዚያ ነው። ባሌ ሱባኤ ይዤ ነው የዘገየሁ እያለ ያስወራ ነበር።"

ቄስ ሞላ ጎንበስ ብለው ጨርቁን አዩ። "መዘግየቷን አስታውሳለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ዲያቆን ነበርሁ። ሱባኤ ነው ሲባል እጁን ስመናል።"

ሥዕሉን በሩዝ ጆንያ ጠቅልለው አህያ ላይ ጫኑት። እዚህ ከቆየ ያቃጥሉታል፣ ሐሙሲት ደህና ጣሪያ ያለው ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እዚያ አደርሰዋለሁ አሉ። የማን እጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ ካለ እናገራለሁም አሉ። የሚጠይቅ ይኖር ይሆን?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11

ከጧት ጀምሮ በሐሙሲት መንገድ ተኩስ አለ። ጭስ ይታያል። ስልክ አይሠራም። ቄስ ሞላ ይድረሱ አይድረሱ የሚያውቅ የለም።

አያ ደሴ ተመልሷል። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። እማማ ትሁን ምግብ አቀረቡለት፣ በላ።

"ተቃጠለችም ተረፈችም አይቻታለሁ" አሉኝ እማማ ትሁን። "ለእኔ ይበቃኛል።"

ለእኔ ግን አይበቃኝም። ጮክ ብዬ ነው የተናገርሁት፣ ራሴም ደነገጥሁ። መንገዱ ሲከፈት በእግሬም ቢሆን ሐሙሲት ሄጄ አያለሁ አልሁ።

"በዚህ ተኩስ? ብቻሽን?" አለች እናቴ።

አያ ደሴ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ። "እስከ ጉማራ ድልድይ እኔ አደርሳታለሁ።"

ጀርባዬ ገና አልዳነም። ልመነው አልመነው አላውቅም።